የውሾች ልፊያና ጠብ፤ ባለቤቱ ጣልቃ መግባት የሚገባው መቼ ነው?



ውሻ በአገራችን የቤት ዘበኛና የእረኛ ጓደኛ ሆኖ የኖረ እንስሳ ነው። በጎንደር ከተማ ቀን ታስሮ ውሎ ማታ የሚፈታ የግቢ ጠባቂ ነው። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ደግሞ ከመንጋው ጋር ወጥቶ ከመንጋው ጋር የሚገባ፣ ጅብና ቀበሮ የሚያባርር ረዳት ነው። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ በየመንደሩ ሁለት ውሾች ሲተናነቁ፣ አንዱም ሌላውን ገልብጦ አንገቱን ሲይዘው ማየት የተለመደ ነው። አላፊ አግዳሚው «ይላፋሉ» ብሎ ያልፋል፤ ልጆች «በለው!» እያሉ ያደፋፍራሉ፤ ሌላው ደግሞ ድንጋይ ያነሣል። ከነዚህ ማንኛው ትክክል እንደ ሠራ ለማወቅ ግን አስቀድሞ ልፊያን ከጠብ መለየት ያስፈልጋል።

ይህን ትምህርት በጤና መጽሔት ላይ ማውጣታችን አንዳንዱን ሰው ያስገርመው ይሆናል። እኔ በባሕር ማዶ በተማርሁበት አገር ውሾች ሲናከሱ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውሻዬ ተጎዳን?» ብሎ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ጠፍቷል። በኛ አገር ግን በሽታው ገና አልጠፋም። ስለዚህ የኛ የመጀመሪያ ጥያቄ «በመካከላቸው እጁን ያስገባ ሰው አለን?» የሚል መሆን አለበት።

ልፊያ ምን ይጠቅማል?

ቡችላ መላፋት የሚጀምረው ዐይኑን ገልጦ በእግሩ መቆም ከቻለ በኋላ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል አንዱ አጥብቆ የነከሰ እንደ ሆነ የተነከሰው ይጮኻል፤ ጨዋታውም ይቋረጣል። ቡችላው በዚህ ጊዜ ጥርሱን አለዝቦ መያዝን ይማራል። ይህን ሳይማር ከእናቱ የተለየ ውሻ ሲያድግ የጥርሱን ኀይል መመጠን ያዳግተዋል። በዚህ ምክንያት ቡችላን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ መለየት አይገባም።

እንግዲህ ልፊያ ሁሉ ክፉ አይደለም። በየጊዜው በዱላ የሚከለክለው ባለቤት ውሻውን ከሌሎች ውሾች ጋር መግባባት የማያውቅ ያደርገዋል።

የልፊያ ምልክቶች

የሚላፋ ውሻ በሚከተሉት ምልክቶች ይታወቃል።

1ኛ/ ጨዋታውን ሲጀምር የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ፣ ኋላውን ከፍ ያደርጋል። ይህ በውሾች ዘንድ «ና እንጫወት» እንደ ማለት ነው።

2ኛ/ ሰውነቱ የላላ፣ አፉ ያለ ቍጣ የተከፈተ፣ አረማመዱም ዝላይ የበዛበት ነው።

3ኛ/ ተራ ይለዋወጣሉ። አሁን ያሳደደው ኋላ ይሳደዳል፤ አሁን የጣለው ኋላ ይወድቃል። ትልቁ ውሻ ለትንሹ ሲል ራሱን ያደክማል፤ ወድዶም ይገለበጥለታል።

4ኛ/ በየመካከሉ ያርፋሉ፤ ይራገፋሉ፤ መሬት ያሸታሉ፤ ከዚያም ሁለቱም ፈቅደው እንደገና ይገናኛሉ።

ማጉረምረም ብቻውን የጠብ ምልክት አይደለም፤ በልፊያም ጊዜ ያጉረመርማሉ። ዋናው ነገር ተራ መለዋወጡና የሁለቱም ፈቃድ መኖሩ ነው።

ልፊያው ወደ ጠብ ሲለወጥ

ባለቤቱ ጣልቃ መግባት የሚገባው ደም ካየ በኋላ ሳይሆን ቀጥሎ ያሉትን ምልክቶች እንዳየ ነው። ሰውነታቸው እንደ እንጨት ሲደርቅ፤ አፋቸው ገጥሞ ዐይናቸው አንድ ቦታ ሲተከል፤ ጅራት ወደ ላይ ቆሞ ሲደርቅና የጀርባ ፀጉር ሲነሣ፤ ከንፈር ተሸብሽቦ ጥርስ ሲገለጥ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከታች ሆኖ ሲጮኽና ለመሸሽ ሲፈልግ ሌላው አልለቅ ሲል፤ ወይም ብዙ ውሾች ባንዱ ላይ ሲረባረቡ ጨዋታው አብቅቷል ማለት ነው።

ነገሩ አጠራጣሪ ከሆነና ውሾቹ ሁለቱም በደንብ የምታውቋቸው ከሆኑ ቀላል ፈተና አለ። ከላይ የሆነውን ውሻ በስሙ ጠርታችሁ ለጥቂት ጊዜ አርቁት። ከታች የነበረው ራሱ ተመልሶ ከመጣ ይላፉ ነበር፤ ሸሽቶ ከተሸሸገ ግን ይጠቃ ነበር ማለት ነው።

ጠብ የሚያነሡ ምክንያቶችም የታወቁ ናቸው። ለመጠቃት የደረሰች ሴት ውሻ ባለችበት ወንዶቹ ይናከሳሉ። ቡችሎች ያሏት እናት ማንንም አታስጠጋም። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የዋለ ውሻም ሲፈታ ቍጡ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ጠብ የሚበዛው በምግብ ነው። በፋሲካና በመስቀል ሰሞን የእርድ ትርፍራፊ በየአጥሩ ሥር ሲጣል ከየመንደሩ ውሾች ይሰበሰባሉ፤ የማይተዋወቁትም ባንድ አጥንት ይጣላሉ። የታመመ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መስጠት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። በውስጡ የውሃ ቋጠሮ ያለበትን የበላ ውሻ የኮሶ ዓይነት ትል ያበቅላል፤ እንቍላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ጥልቅ ጕድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል ሁለቱንም አደጋ ባንድ ጊዜ ይከላከላል።

የሚናከሱ ውሾችን እንዴት እንለይ?

ከሁሉ አስቀድሞ እጅን ወይም እግርን በመካከላቸው ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። በጠብ ላይ ያለ ውሻ የጌታውን እጅ ከባላጋራው እግር አይለይም። በዱላ መደብደብም ሕመሙን ከባላጋራው እንደ መጣ ስለሚያስመስለው ንክሻውን ያጠብቀዋል። ይልቁንም፤

ሀ) ልጆችን ከአካባቢው አርቁ።

ለ) ጣሳ ወይም ብረት ድስት በመምታት ድንገተኛ ድምፅ አሰሙ።

ሐ) አንድ ባልዲ ውሃ በፊታቸው ላይ ድፉ።

መ) ጋቢ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ ጣሉባቸው፤ ሳንቃ ወይም ቆርቆሮ በመካከላቸው አስገቡ።

ሠ) ከተለያዩ በኋላ እያንዳንዱን ለየብቻ ዝጉ ወይም እሰሩ። ቁስላቸውን ባዶ እጅ አትንኩ፤ በላያቸው የሌላው ለሃጭ ሊኖር ይችላልና።

ከሁለቱ አንዱ የማይታወቅ ውሻ ከሆነ ወይም ጠባዩ ካስፈራ፣ ከሩቅ ሆኖ ድምፅ ከማሰማትና ውሃ ከመድፋት በቀር አትጠጉ። ውሻ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ከደጋው ወገራ አንድ አባት የ11 ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ። የቤታቸው ውሻ ከአንድ ባዕድ ውሻ ጋር ሲተናነቅ ልጁ «ውሻችንን ሊገድልብን ነው» ብሎ አንገቱን ይዞ ሳበው። በግርግሩ መካከል ማንኛው እንደ ነከሰው ልጁ ራሱ አያውቅም። በአውራ ጣቱ ላይ የሚታየው የእሾህ ጭረት ያህል ነበር። አባቱም «ዶክተር፣ ጭረት እኮ ናት፤ በዚህች መምጣት አይገባም ነበር» አለኝ። ያስመጣው ባዕዱ ውሻ በማግሥቱ በሌላ መንደር ሁለት ላሞች ነክሶ መሞቱን በመስማቱ ነው። ልጁ ቁስሉ ታጥቦለት ክትባቱን ሳያቋርጥ ፈጸመ፤ ዛሬም በጤና ከብቱን ይጠብቃል። ያ አባት ወሬውን ባይሰማ ኖሮ ግን ጭረቷ ትረሳ ነበር።

የዚህ በሽታ ረቂቅ ተሕዋስ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ለሃጭ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጭረት ወይም ቁስልን በመላስ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ላይ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ባንዳንዱ ሰው ከሳምንት በኋላ፣ ባንዳንዱም እስከ ዓመት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኀኒት የለም ማለት ይቻላል። አበው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ያሉት ለዚህ በሽታ የተነገረ ይመስላል፤ ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ የሚገባበት ግን ገዳይ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በሚሰጠው ግምት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። ሰውን ከሚይዘው ከመቶ 99 እጁ የሚመጣው ከውሻ ነው። በአጠራጣሪ እንስሳ ከተነከሱት ሰዎች መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ጠብ ስናይ የውሻውን ጠባይ መመርመር አለብን። ገራም የነበረ ውሻ ያለ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ ሲነክስ፣ እንጨትና ድንጋይ ሲያኝክ፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ ለሃጩ ሲዝረበረብና ሲንገዳገድ ብታዩ ይህ ጠብ ሳይሆን በሽታ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አይቈጣም፤ ጨለማ ይፈልጋል፤ መንጋጋው ወድቆ መዋጥ ያቅተዋል። ብዙ ሰው «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን በአፉ ውስጥ ያገባል፤ ይህም እጅግ አደገኛ ነው።

በሽታው የሚጎዳው ሰውንና ከብትን ብቻ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከ500 የማይበልጥ ቍጥር ብቻ ቀርቶታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991ና በ2003 ዓ.ም. ከውሾች የተዛመተ የእብደት በሽታ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሰሜን ተራሮች ጥግ የሚኖር እረኛ ውሻውን ቢያስከትብ የአገሩንም ቅርስ ይጠብቃል።

የተነከሰ ሰው ምን ያድርግ?

ንክሻው ከራሱ ውሻም ቢሆን፣ ጭረትም ብትሆን፣ የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ይህ ቀላል ሥራ ብዙውን ተሕዋስ ያስወግዳል። ቡና፣ አመድ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል በቁስሉ ላይ መነስነስ፣ በጋለ ብረትም መተኮስ አይገባም። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙ የሚያዝለትን ክትባት በተወሰነለት ቀን ሁሉ ይውሰድ። ሁለት መርፌ ወስዶ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥ ምንም እንዳልወሰደ ሊያስቈጥር ይችላል። ጸሎትና ጸበል ለሚሻ ሰው ክትባቱ አይከለክለውም፤ እነሱም ክትባቱን አያስቀሩትም።

የነከሰው ውሻ ጤነኛ ከመሰለና ያለ አደጋ መያዝ ከተቻለ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በሽታው ያለበት ከሆነ በነዚህ ቀናት ውስጥ ይታወቃል። ነገር ግን ሕክምናውን ለመጀመር የ10 ቀኑን ማለቅ መጠበቅ አይገባም። በአጠራጣሪ ውሻ የተነከሰ የራሳችሁ ውሻ ቢኖርም ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

የዚህ በሽታ ክትባት በሰው ላይ መሞከር የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ ለተነከሰው ለ9 ዓመቱ ለጆሴፍ ማይስተር ክትባት አሰጥቶ ልጁ ከሞት ዳነ። ከዚያ ወዲህ 140 ዓመት ያህል አልፏል። መድኀኒቱ ከታወቀ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ፣ ዛሬ በዚህ በሽታ የሚሞት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ንክሻውን በመናቅ ወይም ክትባቱ ዘንድ በመዘግየት ነው።

አስቀድሞ መከላከል

ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱ ይገታል፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ብቻ ማስከተብ አይበቃም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይመካከር። ለመራቢያ የማይፈለግን ውሻ ማኮላሸት ጠቡንና የባለቤት አልባ ውሾችን ቍጥር ይቀንሳል። ሁለት ውሾች ያሉት ሰው በየራሳቸው ዕቃ አራርቆ ያብላቸው። ለልጆችም ይህን አስተምሩ፤ የሚበላ፣ የሚተኛና ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ አይነካም፤ ውሾችን ማጣላትም ጨዋታ አይደለም፤ የተነከሰ ልጅም ቅጣት ፈርቶ መደበቅ የለበትም። ንክሻውን ለነገረ ልጅ ቍጣ ሳይሆን ውሃና ሳሙና ይቅረብለት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1ኛ/ ሁለት ውሾች ሲላፉ ተራ መለዋወጣቸው ምን ያስረዳናል?

2ኛ/ የሚናከሱ ውሾችን በእጅ መለየት ስለ ምን ይከለከላል? በምትኩስ በቤታችሁ ያለ ምን ዕቃ ያገለግላል?

3ኛ/ መንጋጋው የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

4ኛ/ ውሻ የጫረው ልጅ ከቤት ሳይወጣ አስቀድሞ ምን ይደረግለታል? ለስንት ደቂቃ?

ማንበብ የሚችል ይህን ትምህርት ለማይችለው ጎረቤቱ ያንብብለት። ውሻ የቀደደውን ቀዳዳ ጅብ ሳይገባበት ፈጥኖ መዝጋት የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።