የአክሱም ጽዮን ደረጃ

በአክሱም ወደ አሮጌዪቱ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው ዓይኑን ወደ ሕንፃው ያነሣል እንጂ እግሩ የሚረግጠውን ደረጃ አያስተውልም። ነገር ግን ከሕንፃው ይልቅ ጥንታዊው ደረጃው ነው። ሕንፃውን ያሠሩት ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የቀደመውን በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አቃጥሎታል። ከቃጠሎው ጥቂት ዓመታት በፊት ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፥ ውስጡ በአዕማድ ረድፍ በአምስት የተከፈለ ሰፊ ቤት እንደ ነበረ ጽፏል። ይህም የታመነ ምስክር ነው፤ የፋሲል ሕንፃ ከቀደመው ስላነሰ፥ የጥንቱ መድረክ በዙሪያው ተርፎ ይታያልና። እንግዲህ ካህናት አባቶች ሆይ፥ ለጥገና ተብሎ ከዚያ ደረጃ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይመረመር እንዳይነሣ መጠበቅ ይገባናል። ከቃጠሎው የተረፈው የዚያ ቤት ልክ ያለው በእርሱ ላይ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. በአጠገቡ የተመረቀው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን፥ ምንም ቢያምር፥ ይህን ሊነግረን አይችልም።