ቋሚ ሌንስ ወይስ ዙም?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ካሜራ ሌንስ እንማማራለን።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ሲሸለሙ የሚነሱት ፎቶ አንዴ ካመለጠ አይደገምም። ፊታቸው ደብዝዞ እንዳይወጣ ሌንስ መምረጥ ማወቅ አለብን።

ሌንስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዙም ነው፤ ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ራቅ ያለውን ያቀርብልናል። ብዙ ጊዜ ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሚሊ ሜትር ዙም ነው። ሁለተኛው ፕራይም ወይም ቋሚ ሌንስ ይባላል፤ ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር። እሱ አያቀርብም፣ አያርቅም። ማቅረብ ከፈለግን በእግራችን መጠጋት ነው!

ታዲያ ቋሚው ምን ይጠቅማል? እንደ ዓይናችን ብሌን ሌንስም ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ አለው። የቀዳዳውን ወርድ ለማወቅ ሚሊ ሜትሩን ለ«ኤፍ» ቁጥሩ እናካፍላለን።

ቋሚው በኤፍ 1.8፦ 50 ÷ 1.8 = 28 ሚ.ሜ. ገደማ
ዙሙ በኤፍ 5.6፦ 50 ÷ 5.6 = 9 ሚ.ሜ. ገደማ

የቀዳዳዎቹን ስፋት ለማነጻጸር እያንዳንዱን በራሱ እናባዛ፦ 28 × 28 = 784፣ 9 × 9 = 81። 784 ለ81 ሲካፈል ወደ 10 ይጠጋል። ስለዚህ ቋሚው 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ዙሙ 1/10 ሰከንድ የሚፈጅበትን ፎቶ ቋሚው በ1/100 ሰከንድ ያነሳዋል። በ1/10 ሰከንድ ውስጥ ተሸላሚው ይንቀሳቀሳል፤ ፎቶው ይደበዝዛል።

«የዛሬ ዲጂታል ካሜራ እኮ በጨለማም ያነሳል!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይኤስኦ የሚባለውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል። ግን በጣም ሲጨመር ፎቶው ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል።

ዙምም የራሱ ቦታ አለው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ጠዋት ነው፤ ብርሃን ሞልቷል፣ ሯጮቹ መሃል ገብተን መጠጋት ግን አንችልም። እዚያ ዙም ይሻላል። መስከረም 16 አመሻሽ ላይ በሰፈራችን ደመራ ሲለኮስ የሚዘምሩትን ልጆች ለማንሳት ግን ቋሚው ይመረጣል፤ ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ ጠጋ ማለት ደግሞ እንችላለን።

ጥንቃቄ፦ በሦስት ረድፍ የቆመ ክፍል በኤፍ 1.8 ከተነሳ ፊት ያሉት ጥርት ብለው ኋላ ያሉት ሊደበዝዙ ይችላሉ። የቡድን ፎቶ ደጅ፣ በቀን፣ ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ አንሱ።

ስለዚህ ካሜራ ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ብርሃኑ ይበቃል? መጠጋት እችላለሁ?

የዕለቱ ጥያቄ፦ 35 ሚሊ ሜትር ቋሚ ሌንስ ኤፍ 1.4 ላይ ሲሆን የቀዳዳው ወርድ ስንት ነው? ሠርታችሁ ለሒሳብ መምህራችሁ አሳዩ!