የብዙ ልሳን ልጅ በጀርመን አገር ስለ መምህርነት

በድሬዳዋ ተወልዶ፣ ከወላጆቹ ጋር አማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ እየተናገረ ያደገ፣ ኋላም ዕጣው ወደ ጀርመን አገር ያደረሰው ወገናችን፣ በልጅነቱ ሳይደክም ያገኘውን የልሳን ሀብት ከዕውቀት ሳይቆጥረው ሲቀር ማየት ያሳዝናል፤ በፍራንክፈርት ተወልደው በቤት አማርኛና ትግርኛ፣ በውጭ ጀርመንኛ ለሚናገሩ ልጆቻችንም ነገሩ ይኸው ነው። ይህ ሀብት በትምህርት ከታነፀ ሰውን ለጀርመንኛ መምህርነት የሚያበቃ መሠረት ነው።

ኢትዮጵያዊ በዚያ አገር ሲያስተምር የዛሬው ሰው የመጀመሪያው አይደለም። የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ፣ በሮም ከተዋወቁት ከሊቁ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1652 በጎታ ከተማ በመስፍኑ በኤርንስት ዘንድ ተቀምጠው ያስተማሩት ትምህርት፣ ሉዶልፍ በ1698 በፍራንክፈርት ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ምንጭ ሆኗል።

የአገራችን ሰው ለዚህ ሥራ ያለው ብልጫ ከሰዋስው ይጀምራል። ጀርመንኛ በዋናው ዓረፍተ ነገር ግሡን በሁለተኛው ስፍራ ያቆመዋል፤ «ቫይል» እና «ዳስ» በሚባሉት አያያዦች በሚጀምረው ጥገኛ ሐረግ ግን ግሡ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፤ ይህም ለእንግሊዝኛና ለዓረብኛ ተናጋሪ እንግዳ ሲሆንበት፣ ማሰሪያውን ከኋላ ማድረግ ለለመደ አማርኛ ተናጋሪ አይከብደውም። ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያወረደ ሰውም የጀርመንኛን ግሦች እየለዋወጡ ማጥናት አዲስ ልማድ አይሆንበትም። የሚደናቀፍበት ስፍራ ደግሞ አለ፤ ሦስቱ የስም ፆታዎች፣ አራቱ የስም አገባቦች፣ ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ የሚነገሩት አናባቢዎች፣ ተነባቢዎችም ሲደራረቡ በመካከላቸው ሳድስ ድምፅ የመጨመር ልማዳችን ያስቸግራሉ። እነዚህን ሁሉ በጉልምስናው ተምሮ የተሻገረ መምህር፣ ከኤርትራ ወይም ከሶርያ የመጣው ደቀ መዝሙሩ የት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ ያውቃል፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ የመምህር ስንቅ የለም። ነገር ግን ቋንቋን መናገርና ምሥጢሩን ገልጦ ማስረዳት የተለያዩ ሙያዎች ስለ ሆኑ፣ የማስተማር ጥበብን በደንብ መማር ግድ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ መጤዎች ከአገሩ ኑሮ ጋር እንዲዋሐዱ የሚሰጠው የኢንተግራሲዮን ኮርስ በተለመደው መልኩ 600 ሰዓት የቋንቋና 100 ሰዓት የአገር ማወቂያ ትምህርት ሲኖረው፣ በዚያ ለማስተማር ኑርንበርግ ከሚገኘው፣ በተለምዶ ባምፍ ከሚባለው የፍልሰትና የስደተኞች ፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጀርመንኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ አመልካች ቢያንስ የሲ 1 ደረጃ ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ዳሩ ግን በክፍል ፊት ያለ ፍርሃት ለመቆም ሲ 2 ቢደርስ ይሻለዋል። ጀርመንኛን ለውጭ አገር ሰዎች ማስተማርን በዩኒቨርሲቲ ያላጠና ሰው፣ መሥሪያ ቤቱ በሚቀበለው ተቋም ተጨማሪ ሥልጠና ይወስዳል። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር የተገኘ ዲግሪ በጀርመን ያለው ግምት አናቢን በሚባለው መዝገብ ይታያል፤ የጽሑፍ ማረጋገጫ የሚፈልግም ሰው ቦን ለሚገኘው የውጭ አገር ትምህርት ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ያመለክታል። በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደየፌዴራል ግዛቱ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የትምህርት ዓይነት ማጥናትንና ራሱን የቻለ የተግባር ልምምድ ዘመንን ይጠይቃል።

ስለ ኑሮው ደግሞ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ፎልክስሆኽሹለ በሚባሉት የጎልማሶች ትምህርት ቤቶችና በግል ተቋማት የሚያስተምሩት ብዙዎቹ በግላቸው የሚሠሩ፣ በሰዓት የሚከፈላቸው፣ ቋሚ ደመወዝ የሌላቸው መምህራን ናቸው፤ ኮርሱ ሲዘጋ ገቢው ይቆማል፣ የጤና ኢንሹራንሱንም ራሳቸው ይከፍላሉ። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት የመኖሪያ ፈቃዱ በግል መሥራትን የሚፈቅድ መሆኑን መመርመር ያሻል፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በግል ለመሥራት የውጭ ዜጎችን ቢሮ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። አብዛኛው ሰው የማያውቀው፣ ኋላም ባልታሰበ ዕዳ የሚያስጨንቀው ነገር ይህ ነው፦ ተቀጣሪ ሠራተኛ ሳይኖረው በግሉ የሚያስተምር መምህር፣ ገቢው እጅግ አነስተኛ ካልሆነ በቀር፣ በሕግ የጡረታ መዋጮ ከፋይ ነው። ሥራውን በጀመራችሁ በ3 ወር ውስጥ ለጡረታ መድን መሥሪያ ቤቱ እንድታስታውቁ አደራ እላለሁ።