የተማሪው የእንግሊዝኛ ስሕተት ከየት ይመጣል?



እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር ቀይ እስክሪብቶ ይወዳል። የተማሪውን ደብተር ገልጦ የተሳሳተውን ሁሉ ያሰምርበታል። ልጁም ቀዩን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል። ለምን ቢሉ፣ መሳሳቱ ተነገረው እንጂ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ የነገረው የለም።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ይህንኑ ነው። ተማሪው እንግሊዝኛውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ስላላሰበ ሳይሆን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሕግ አስቦ ስለሚናገር ነው። ሕጉ ደግሞ በቤቱ ትክክል ነው። በተለይ ለማስተማር ልምምድ ጊንጪ የምትመደቡ ዕጩ መምህራን ይህን ልብ ብትሉ መልካም ነው። እዚያ ያለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ አማርኛውን ከገበያና ከመንገድ ይለቅማል፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ሆኖ ይመጣበታል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ዋናው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የሌሎቹም ትምህርቶች ማስተማሪያ እንዲሆን አደረገ። በኦሮሚያ ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይጠብቁታል። እንግዲህ በአራተኛ ክፍል ሳትቃና ያለፈች አንዲት ቃል በዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ነጥብ ትወስዳለች ማለት ነው።

«የስ» እና «ኖ»

ከሁሉ በፊት ይቺን ያስቀደምኩት ብዙ ልጅ ስላስቀጣች ነው። መምህሩ «ዲድንት ዩ ብሪንግ ዩር ቡክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መጽሐፍህን አላመጣህም? ማለቱ ነው። ልጁ መጽሐፉን አላመጣም። እናም «የስ» ብሎ ይመልሳል። መምህሩ አምጥቻለሁ ያለው ይመስለዋል። ና አውጣው ሲለው መጽሐፍ የለም። ከዚያ ወዲያ ልጁ ውሸታም ነው! በአንድ ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ትምህርት ስከታተል ይህንኑ አይቻለሁ፤ ልጁ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የቆመው እውነቱን ተናግሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ «መጽሐፍህን አላመጣህም?» ሲባል መልሱ «አዎ፣ አላመጣሁም» ነው። የእኛ «አዎ» የሚስማማው ከጠያቂው ንግግር ጋር ነው፤ «ልክ ብለሃል፣ እንዳልከው ነው» እንደማለት። ይዞ የመጣ ልጅ ደግሞ «ኧረ አምጥቻለሁ» ይላል እንጂ «አዎ» አይልም። እርግጥ «አይ፣ አላመጣሁም» የሚልም ሰው አለ፣ ያስኬዳል። እንግሊዝኛው ግን የጠያቂውን አነጋገር አይመለከትም። የሚመለከተው የተፈጸመውን ነገር ብቻ ነው፤ ካመጣህ «የስ»፣ ካላመጣህ «ኖ»፣ ጥያቄው በአዎንታ ቢመጣ በአሉታ አይለወጥም። በዚህ በኩል ከእኛ ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎችም አሉ። ጃፓኖች በአሉታ ሲጠየቁ ልክ እንደ እኛ «አዎ፣ አላመጣሁም» ብለው ነው የሚመልሱት፤ እንግሊዝኛ ሲማሩም እዚችው ላይ ይደናቀፋሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ልጁ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ እንዲያቆም አንተወው። ጅራቱን ያስከትል፤ «የስ፣ አይ ዲድ» ወይም «ኖ፣ አይ ዲድንት» ይበል። «የስ፣ አይ ዲድንት» ካለ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ወዲያው ይታወቃል፣ አላመጣም ማለቱም አይጠፋም። ሁለተኛ፣ በታችኞቹ ክፍሎች መምህሩ ራሱ ጥያቄውን በአዎንታ ቢያቀርበው ምን ይጎዳዋል? «ዲድ ዩ ብሪንግ ዩር ቡክ?» ካለ ጣጣ የለውም።

ማን ማንን መታ?

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገር አሠራር እንለፍ። የአማርኛም የኦሮምኛም ማሠሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጥ፣ የእንግሊዝኛው ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪው ይህን ቶሎ ይይዘዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው።

በአማርኛ «ጫላ ቶሎሳን መታው» ብንል፣ «ቶሎሳን ጫላ መታው» ብንል፣ መቺው ያው ጫላ ነው። ተመቺውን የምትጠቁም «ን» ስላለች ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡ አንሳሳትም። ኦሮምኛም «ን» አለው፤ ግን ጉድ የሚያሰኘው የሚለጥፋት በተሳቢው ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ላይ መሆኑ ነው! «ጫላን ቶሎሳ ሩኩቴ» ሲባል በኦሮምኛ መቺው ጫላ ነው። በአማርኛ «ጫላን ቶሎሳ መታው» ስንል ግን መቺው ቶሎሳ ይሆናል። ያው ስም፣ ያው ተራ፣ ያው «ን»፣ ጥፋተኛው ግን ሌላ ሰው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር የጊንጪ ልጅ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ይህ ትልቅ እውቀት ነውና እንጠቀምበት።

እንግሊዝኛ ስም ላይ የሚለጠፍ እንዲህ ያለ «ን» የለውም። ዳኛው ቦታ ብቻ ነው። «ጫላ ሂት ቶሎሳ» ካልን መቺው ጫላ ነው፤ ስሞቹን ብናለዋውጣቸው ጥፋቱም አብሮ ይዛወራል። ለተማሪው ሰዋስው ከመዘርዘር ሦስት ልጆች ከክፍሉ ፊት አቁሞ አንዱን ጫላ፣ አንዱን «ሂት»፣ አንዱን ቶሎሳ ብሎ መሰየምና ቦታ ማቀያየር ይሻላል። በሦስቱም ቋንቋ በየተራ ይሞከር። ወጪ የለውም፣ ልጆቹም ይስቃሉ።

የሚምታቱ ቃላት

«ባሮው ሚ ዩር ፔን» የማይሰማበት ክፍል ያለ አይመስለኝም። ልጁ ሊል የፈለገው አውሰኝ ነው። «ባሮው» መዋስ ወይም መበደር ነው፤ ማዋስና ማበደር «ሌንድ» ነው። ይህን ለማስተማር አማርኛው ራሱ መሰላል ሆኖ ተቀምጧል። አዋሰ - ተዋሰ፣ አበደረ - ተበደረ። በ«አ» የሚጀምረው ሰጪው ነው፣ «ሌንድ»፤ በ«ተ» የሚጀምረው ተቀባዩ ነው፣ «ባሮው»። እንዲያውም አማርኛው ዕቃውን ከገንዘቡ ለይቶ አራት ቃል ሲያዘጋጅ እንግሊዝኛው በሁለት ያብቃቃል። ቤት ላይ ስንደርስማ ባሰበት፤ እኛ አከራየና ተከራየ ብለን ስንለይ እነሱ ለሁለቱም «ሬንት» ይላሉ። ስለዚህ ቋንቋችን ድሃ ነው እያለ የሚያማርር ተማሪ ካለ ይቺን ንገሩት።

የአካል ክፍሎች ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። የእኛ «እጅ» ከትከሻ እስከ ጣት ድረስ ነው፤ የኦሮምኛው «ሀርከ»ም እንዲሁ። እንግሊዝኛው ከአንጓ በታች ያለውን «ሃንድ»፣ ከአንጓ እስከ ትከሻ ያለውን «አርም» ይለዋል። እግርም «ፉት» እና «ሌግ» ተብሎ ይከፈላል። ጣት እንኳ የእጅ ከሆነ «ፊንገር»፣ የእግር ከሆነ «ቶ» ነው። ልጁ በባዮሎጂ ፈተና የአጥንት ሥዕል ቀርቦለት ስም ጻፍ ሲባል የሚሳሳተው አጥንቱን ሳያውቅ ቀርቶ ላይሆን ይችላል።

መስተዋድድን በሚመለከት የእኛዋ «በ» ብቻዋን የአራት ሰው ሥራ ትሠራለች። በእርሳስ ጻፍኩ፣ በአውቶቡስ መጣሁ፣ በክፍል ውስጥ ነኝ፣ በሁለት ሰዓት ተነሳሁ። እንግሊዝኛው ለመሣሪያው «ዊዝ»፣ ለመጓጓዣው «ባይ»፣ ለቦታው «ኢን»፣ ለሰዓቱ «አት» ይፈልጋል። ሰዓት ከተነሳ፣ «አት ቱ ኦክሎክ» ብሎ የጻፈውን ልጅ መስተዋድዱን አገኘ ብላችሁ እንዳታልፉት። የጧቱ ሁለት ሰዓታችን በእነሱ ስምንት ነው፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው።

ግሥ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። «ትናንት መጥቻለሁ» በአማርኛ ምንም ነውር የለውም፤ በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ካም የስተርደይ» ግን አይባልም። ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ «አይ ኬም የስተርደይ» ነው። ሁለተኛው፣ «ማንም አልመጣም» ነው። ተማሪው ቃል በቃል ወስዶ «ኤኒባዲ ዲድ ኖት ካም» ይላል። እንግሊዝኛው አሉታውን ከባለቤቱ ላይ ጭኖ ግሡን በአዎንታ ይተወዋል፤ «ኖባዲ ኬም»። በሁለቱም ላይ ከተጫነ ትርጉሙ ይገለበጥና ሁሉም ሰው መጣ ወደማለት ይሄዳል።

ድምፅን በሚመለከት አንዲት ነገር ጨምሬ ላብቃ። በግ እና መርከብ በእንግሊዝኛ የሚለያዩት አናባቢው በግ ላይ ረዘም፣ መርከብ ላይ አጠር በማለቱ ነው። በፊደላችን ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ነው የሚጻፉት፣ እዚህም ለይቼ ልጽፍላችሁ አልቻልኩም። ኦሮምኛ ግን የአናባቢን እርዝማኔ ይለያል፤ በቁቤ ሲጻፍም ረጅሙ አናባቢ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል። ስለዚህ በዚህ ነገር ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ አማርኛ ብቻ ከሚያውቀው መምህሩ የተሻለ ጆሮ አለው። መምህሩ እያስነሳ ቢያስነብበው ይጠቀማል።

እስቲ እነዚህን ሞክሩ፤ መልሱን ከሥር ጽፌዋለሁና እጃችሁን ሸፍናችሁበት አንብቡ።

1ኛ) «ዶንት ዩ ሊቭ ኢን ጊንጪ?» ተብሎ የተጠየቀ የጊንጪ ነዋሪ ምን ይመልሳል?
2ኛ) «ቶሎሳ ሌንት ጫላ ኤ ፔን» ከተባለ እስክሪብቶው አሁን ማን ዘንድ ነው?
3ኛ) «ሺ ሮት ኢት ባይ ፔንስል» የሚለው የቱ ጋ ይታረማል?

መልስ፦ 1ኛ) «የስ፣ አይ ዱ»፤ አማርኛችን «ኧረ እኖራለሁ» ማለቱን ያስታውሷል። 2ኛ) ጫላ ዘንድ። 3ኛ) «ባይ» ወጥቶ «ዊዝ ኤ» ይገባል።