የአገራችን ሊቃውንት ከውጭ አገር የዕውቀት ጉባኤ እንዳይደርሱ ስለሚያግዷቸው ነገሮች የተጻፈ ትምህርት

ክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ የመሬት ባለይዞታዎችም፤

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር እንዶድን የማያውቅ ሰው አይገኝም፤ እናቶቻችን ሸማ ሲያጥቡበት ኖረዋልና። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የውሃ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምተው እንዲህ ያለው ቀንድ አውጣ ስለሆነ፥ ድኻው ከጓሮው በሚለቅመው ፍሬ በሽታውን ለመከላከል ተስፋ አገኘ ማለት ነው። ዶክተሩም በሚከተለው ዓመት ነገሩን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ነገር ግን የውጭዎቹ ድርጅቶች ምርመራው በእነርሱ ቤተ ሙከራና በእነርሱ ሥርዓት ካልተደገመ አንቀበልም ስላሉ፥ ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ዘገየ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ ዶክተር አክሊሉም በ1997 ዐረፉ። ገንዘብ ያጣ ሰው ገንዘብ ይለምናል፤ ዕውቀት ይዞ ሰሚ ያጣ ሰው ግን ምን ብሎ ይለምን?

የዛሬውም ባለሙያ መንገዱ አልቀናለትም። የቡሬና የአካባቢው ቀይ አፈር እየኰመጠጠ ኖራ ካልተጨመረበት እህል እንደሚነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ያጠና የአፈር ባለሙያ በውጭ ጉባኤ እንዲናገር ቢጋበዝ፥ ስለ ቪዛ ዓባይን ተሻግሮ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የኤውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቆ፥ 15 ቀን የነበረውን የቪዛ መመርመሪያ ጊዜ 45 ቀን አደረገው። ቢከለከልም የከፈለው ገንዘብ አይመለስለትም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2022 በካናዳ በሞንትሪያል ስለ ኤድስ በተደረገው ጉባኤ እንኳ፥ በሽታው እጅግ ከጐዳት ከአፍሪካ የተጋበዙ ብዙዎች ቪዛ አጥተው ቀርተዋል።

ጽሑፉን ለማሳተምም ከጸሓፊው ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ የሚጠይቁ መጽሔቶች አሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አጎራ በተባለው ክፍሉ ለድኻ አገሮች መሥሪያ ቤቶች የእርሻ መጽሔቶችን በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ያስነብባል፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም ያለ ኢንተርኔት አይነበብም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የእጅ ስልኩ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ስለቆየ፥ በነጻ የተሰጠው መጽሔት ለብዙዎች ተዘግቶ ነበር።

ዘርን ወደ ውጭ ለማውጣት ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን ግን ከነዚህ ጋራ አንቈጥረውም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ሲከራከር ቆይቶ፥ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ሽሮታል። ስለዚህ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ቢያዘገይም የሚጠብቅ አጥር ነው፤ ፈቃዱን ቶሎ መመርመር እንጂ አጥሩን ማፍረስ አይገባም።

ከናንተ እጅ የሚወጣው ደብዳቤም ሳይታሰብ እንቅፋት ይሆናል። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈውን ማስረጃ ባዕድ ሲያነበው የሰባት ዓመት አሮጌ ይመስለዋል፤ በእነርሱ ግን ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ ሁለቱም አቈጣጠር ጐን ለጐን ይጻፍ። ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተ ሰብ አለመሆኑም ይገለጥ፤ አለዚያ ባልና ሚስት፥ አባትና ልጅ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ። የ‘ጸ’ን ድምፅ አንዱ ጸሓፊ በአንድ የላቲን ፊደል፥ ሌላው በሁለት ይጽፈዋልና፥ ስሙ በፓስፖርቱ እንዳለ ይገልበጥ። ቡሬ የሚለው ስም እንኳ በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት ሲጻፍ ይታያል፤ የውጭው መርማሪም በአንድ ሰው ማስረጃ ላይ ሁለት ከተማ ያገኘ ይመስለዋል።