ማኅተሙ የማን ነው?

ባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ አጠገብ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ የምትሠራ ወጣት ኮምፒውተሯን በከፈተች ቁጥር ያልጠራችው ማስታወቂያ እየዘለለ ሥራ አስፈታት። ከጽሕፈት መኪና ጥገና ተነሥተው ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩትን የሰፈሯን ሽማግሌ ጠራቻቸው። ከጣና የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ የበሩን መጋረጃ እያነሣ ሲጥል ሁለቱ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንቲቫይረሱ «ምንም የለም» ይላል። ማስታወቂያው ግን አልጠፋም። ማንን ልመን?

ጋሼ፦ አንቲቫይረሱ ላይዋሽ ይችላል፣ ልጄ። ቫይረስ ሰብሮ የሚገባ ሌባ ነው። ይኼ ግን ሌላ ፕሮግራም ስትጭኚ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያልሽ ስታልፊ አብሮ የገባ ሳይሆን አይቀርም። ፈቃድሽን ጠይቋል፤ አንቺም ሳታነቢ ሰጥተሽዋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው «ላይፈለግ የሚችል» ተብሎ ለብቻው የሚመደበውና አንዳንዴም የሚታለፈው። እኔ መጀመሪያ የማየው ማኅተሙን ነው።

ወጣቷ፦ ፕሮግራም ማኅተም አለው እንዴ?

ጋሼ፦ አለው። ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቺ። «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል ገጽ ይታይሻል? እዚያ ያለው ስም የሠሪው ነው። ስሙን መርጠሽ «ዲቴይልስ» በዪ፤ ፊርማው ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ቃል ያለው እዚያ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም።

ወጣቷ፦ ስም ማንም ይጽፋል፣ ጋሼ። እኔ ራሴ በቀን ስንት ደብዳቤ ላይ የሰው ስም እጽፋለሁ።

ጋሼ፦ ዘጌ ተሻግረሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይተሻል አይደል? የብራና መጻሕፍቶቻችን ብዙዎቹ «የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን» የሚል ቃል አለባቸው። ጸሐፊው ፋቂውን በውግዘት ያስፈራል፤ ነገር ግን አንድ ፊደል ቢፋቅ መጽሐፉ ራሱ አይጮህም። ዲጂታል ፊርማ ይጮኻል። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰልቶ አጭር አሻራ ይወጣለታል። ሻ-256 በሚባለው ስሌት የሚወጣው አሻራ ሲጻፍ 64 ሆሄያት ነው። ከፕሮግራሙ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሠሪው ያን አሻራ እሱ ብቻ በያዘው የምስጢር ቁልፍ ይፈርመዋል፤ የአንቺ ኮምፒውተር ደግሞ ለሁሉም በተሰጠው ግልጽ ቁልፍ ያረጋግጠዋል። ቁልፉ የእገሌ ድርጅት ነው ብለው የሚመሰክሩ እንደ ዲጂሰርትና ግሎባልሳይን ያሉ ተቋማት አሉ። ዊንዶውስ የሚያምናቸውን ምስክሮች ዝርዝር ይዟል።

ወጣቷ፦ በእኛ አገርስ?

ጋሼ፦ ሕጉ አለ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል፤ የምስክሮች ሁሉ የበላይ እንዲሆንም የአገሪቱን የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኢንሳን ሰይሟል። የፕሮግራም ማኅተም ግን ዊንዶውስ ከያዘው ዝርዝር ጋር ነው የሚመሳከረው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ማኅተም የሌለውን ሁሉ ፈልጌ ላጥፋዋ።

ጋሼ፦ ቆዪ! እኔ በዚህ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ፊርማ ያላየሁበትን ሁሉ ስጠርግ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ነካሁ። ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ፤ የሰው ሥራ ሁለት ቀን ቆመ። ዊንዶውስ የብዙ ፋይሎቹን ማኅተም በፋይሉ ላይ አያደርግም። ካታሎግ በሚባል የተለየ መዝገብ ያኖረዋል። ፕሮፐርቲስ ስትከፍቺ የፊርማው ገጽ አይኖርም፤ መዝገቡ ውስጥ ግን አለ። ስለዚህ ምርመራው መዝገቡንም በሚያይ መሣሪያ ይሁን።

ወጣቷ፦ ማኅተም ያለውስ? እሱን ልመነው?

ጋሼ፦ የንጉሥ ደብዳቤ ሲመጣ ማኅተሙ የሚነግርሽ ደብዳቤው የንጉሡ መሆኑን ነው። ሹመት ይሁን እስራት የምታውቂው ስታነቢው ነው። ማስታወቂያ ከሚያዘንቡት ብዙዎቹ በሕግ የተመዘገቡ ድርጅቶች ናቸው፤ ከፍለው ምስክር ወረቀት ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌኖቮ አንዳንድ ላፕቶፖቹን የሸጠው ሱፐርፊሽ የተባለ ማስታወቂያ አስገቢ ጭኖባቸው ነበር። ይኼ ፕሮግራም ራሱን ከዊንዶውስ ታማኝ ምስክሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ሰው ከባንኩ ጋር በሚያደርገው የተመሰጠረ ግንኙነት መሃል ሳይቀር መቆም ይችል ነበር። በ2015 ተጋለጠና ሌኖቮ ማስወገጃ አወጣለት። ከነካርቶኑ የተገዛ አዲስ ዕቃ ላይ ነው ይኼ የሆነው!

ወጣቷ፦ ታዲያ ማኅተሙን ማየቴ ምን ጠቀመኝ?

ጋሼ፦ «እገሌ ነኝ» ባዩ በእርግጥ እገሌ መሆኑን ታውቂበታለሽ። በሌላ ሰው ስም መጥቶ ማታለል በወገኖቻችን ላይ የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በውጭ ለሚኖሩ፣ መንግሥትን ለሚተቹ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል ሊንክ ይላክ ነበር። ሲከፍቱት «ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽን አድሱ» ይላቸዋል። የሚወርደው ግን የስለላ ፕሮግራም ነው። ከታለሙት መካከል የፒኤችዲ ተማሪና ጠበቃ ነበሩበት፤ የተማረ ሰው አይታለልም እንዳትዪ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት መሣሪያው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ መሆኑን አመለከተ። እና አዶቢ ነኝ የሚል ፋይል መጥቶልሽ የአዶቢ ስም በተረጋገጠ ፊርማ ካልተገኘበት፣ ሌላ ምርመራ አያሻሽም፤ አትክፈቺው።

ወጣቷ፦ የአዶቢን ቁልፍ ቢሰርቁትስ?

ጋሼ፦ ያም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰርጎ ገቦች የአዶቢ የመፈረሚያ ማሽን ውስጥ ገብተው የተንኮል ፕሮግራም አስፈርመዋል። አዶቢ ያን ምስክር ወረቀት ሰረዘው። እንዲህ ያለው ግን ብዙ የሚደከምበት ሥራ ነው። በአንቺ ደጅ የሚያልፈው ያለ ክፍያ እንዲሠራ ተሰብሮ በተማሪ ፍላሽ የሚመጣው ፕሮግራም፣ ክራክ የሚባለው ነው። «አንቲቫይረሱን አጥፉና ጫኑኝ» የሚል ፕሮግራም አሳፍሮኝ አያውቅም፤ ሁሌም አንድ ነገር ይዞ ይገባል። ስትጭኚ «ይፈቀድ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ሳጥን አለ አይደል? ቀለሙን እዪ። ሰማያዊ ከሆነ ሠሪው ተረጋግጧል፤ ቢጫ ከሆነ ሠሪው አይታወቅም። ይኼን አይቶ ለማለፍ ሁለት ሰኮንድ አይፈጅም።

ሽማግሌው ከኪሳቸው ፍላሽ አውጥተው ኦቶራንስን ከፈቱ። ኮምፒውተር ሲነሣ አብሮ የሚነሣውን ሁሉ የሚዘረዝር የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ነው። የኮድ ፊርማ እንዲያረጋግጥና የማይክሮሶፍትን የራሱን እንዲደብቅ አዘዙት። ረጅሙ ዝርዝር አጥሮ ጥቂት መስመሮች ቀሩ፤ አንደኛው ሮዝ ነው።

ወጣቷ፦ ሮዙ ፊርማ የሌለው ነው?

ጋሼ፦ ፊርማው ያልተረጋገጠ። ምንድን ነው እሱ?

ወጣቷ፦ የአማርኛ መጻፊያዬ ነው! የሠራው ልጅ ራሱ ነው የጫነልኝ። በእሱ ነው እንጀራ የምበላው።

ጋሼ፦ ተይው እንግዲያ። ለብቻው የሚሠራ ልጅ ለምስክር ወረቀት በየጊዜው ዶላር ከየት ያመጣል? አሁን ነጩን መስመር እዪ፤ ፊርማው የተረጋገጠውን። የዚህን ድርጅት ስም ታውቂዋለሽ?

ወጣቷ፦ ሰምቼው አላውቅም።

ጋሼ፦ ፋይሉ የገባው መቼ ነው?

ወጣቷ፦ ማክሰኞ። ያን የፒዲኤፍ መቀየሪያ የጫንሁ ቀን… ማስታወቂያውም የጀመረው ያኔ ነው።

ጋሼ፦ የሚሠራልሽ ሥራ አለ?

ወጣቷ፦ ምንም።

ከነመቀየሪያው አራገፈችው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ሽማግሌው ስለ መጻፊያው አንድ ነገር ጨመሩ፦ ማኅተም ባይኖረውም አሻራ አለው፤ ሠሪው ዘንድ ያለው ዋናው ፋይልና እዚህ ያለው አንድ መሆናቸውን ማየት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ያለ ማስታወቂያ ተነሣ። ሽማግሌው ሰርትዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የመጻፊያውን አሻራ አወጡላት። ወጣቷ ለልጁ ደወለች። እሱ ከራሱ ፋይል ላይ ሆሄያቱን አንድ በአንድ ሲያነብላት፣ እሷ ጣቷን በስክሪኑ ላይ እያስኬደች ተከተለችው።