ኮላጅን፣ ቫይታሚን ሲ እና የኅብረ ሕዋስ ጽናት

የእንስሳት ኅብረ ሕዋስ የሕዋሳት ክምችት ብቻ አይደለም። በሕዋሳት መካከል ያለውን ስፍራ፣ ሕዋሳቱ ራሳቸው ሠርተው የሚያወጧቸው ፕሮቲኖችና የስኳር ሰንሰለቶች የተጠላለፉበት ማትሪክስ ይሞላዋል። በዚህ ውስጥ ፕሮቲዮግላይካን ውሃ በመያዝ የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ ጫናን እንዲቋቋም ያደርጋል፤ ኢላስቲን ሳንባና ደም ቅዳ ተለጥጠው እንዲመለሱ ያስችላል፤ ፋይብሮኔክቲን በሕዋስ ሽፋን ላይ ከሚገኙት ኢንቲግሪኖች ጋር ተያይዞ ሕዋሱን ከማትሪክሱ ያስተሳስራል። መወጠርን በዋናነት የሚቋቋመው ግን ኮላጅን ነው።

ኮላጅን እንደ ገመድ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች አሉት። ግምዱ በሰውነት ሙቀት ሳይፈታ የሚቆየው በሰንሰለቶቹ ካሉት ፕሮሊኖች ብዙዎቹ ወደ ሃይድሮክሲፕሮሊን ሲለወጡ ነው። ለውጡን የሚያከናውነው ኢንዛይም ብረት የያዘ ሲሆን፣ ብረቱ በኦክሲዴሽን ሥራ ሲያቆም ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው ቫይታሚን ሲ ነው። ከብትና ፍየል ቫይታሚኑን በጉበታቸው ያመርታሉ፤ ሰው ግን ከምግብ ብቻ ያገኘዋል።

ስከርቪን የድድ በሽታ አድርጎ መግለጽ የተለመደ ቢሆንም የጉዳቱን ስፋት ያሳንሰዋል። የሚጎዳው ማትሪክሱ ነው፤ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደማሉ፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ከዓመታት በፊት የዳነ ቁስል እንኳ ሊከፈት ይችላል። ይህ የመጨረሻው ምልክት በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ በጠባሳ ውስጥ ያለው ኮላጅን ዘወትር እየፈረሰ የሚተካ መሆኑን ያመለክታልና።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። እህል፣ ደረቅ ጥራጥሬና ዘይት ኃይል ቢሰጡም ቫይታሚን ሲ ከሞላ ጎደል የላቸውም። ያው ጥራጥሬ በቆልት ሲሆን ግን ቫይታሚኑን ያመነጫል፤ ብዙ መቀቀል መልሶ ይቀንሰዋል እንጂ።